ወርዶ የቀረ ከተማ

ጣሊያን ከተማ ሲያምረው ኮረብታ ይወጣል፤ እኛ ከተማ ሲያምረን ከኮረብታ እንወርዳለን። ይህን ነገር ጉርድ ሾላ ቁጭ ብዬ ደረስኩበት ብል የሚያምነኝ የለም። የአክስቴ ልጅ ከጣሊያን ለእረፍት መጥታ እኛ ቤት ባታርፍ ኖሮ በሐሳቤም ሽው አይልም ነበር።

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ኦርቪየቶ በምትባል ከተማ ነው። ከሮም ወደ ፍሎረንስ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ፣ ዙሪያውን ገደል በሆነ አለት አናት ላይ ጉብ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ሥራዋ አንዲት አሮጊት መጦር ነው፤ እንደ እሷ ያሉትን እዚያ «ባዳንቴ» ይሏቸዋል። ያገሩ ልጆች እናታቸውን ለመጦር ጊዜ ስለሌላቸው የእኛን ልጆች ይቀጥራሉ፤ የእኛ ልጆች እናታቸውን ለመጦር ገንዘብ ስለሌላቸው የእነሱን እናት ይጦራሉ። ሒሳቡ የሚዘጋው በሐዋላ ነው።

እንግዳ ክቡር ነውና መጀመሪያ መጀመሪያ ዝም ብለን ሰማናት። ቡና ስናቀርብ ኦርቪየቶ፣ ዳቦ ስንቆርስ ኦርቪየቶ፣ መብራት ሲጠፋ ኦርቪየቶ። ነገሩ የከረረው ውሃ የጠፋ ዕለት ነው። በርሜሉ ባዶ፣ ጀሪካኑ ባዶ፤ እኛ «የእኛ ፈረቃ ነገ ነው» እየተባባልን ስንጽናና እሷ፣

«ኦርቪየቶ ላይ እኮ ውሃ እንዳይጠፋ ጳጳሱ ራሳቸው ጉድጓድ አስቆፍረዋል» አለች።

እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። ጋሼ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በአሰብ መስመር ላይ በኤንትሬ ፊያት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ከጣሊያንኛ የሚያውቁት ከሰላምታ በቀር ከኮፈን በታች ያለውን ብቻ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ። ሆኖም ይህች ቋንቋ ትበቃቸዋለች። ሐኪም ቤት ሄደው እንኳ «የግራ ጉልበቴ ኩሽኔታው አልቋል» ነው የሚሉት፤ ሐኪሙም ይገባዋል።

«ጳጳስ ነው ጉድጓድ ያስቆፈረው?» አሉ ጋሼ።

የአክስቴ ልጅ አስረዳች። እ.ኤ.አ. በ1527 ሮም በወታደር ስትዘረፍ ጳጳሱ ክሌመንት 7ኛ አምልጠው ኦርቪየቶ ወጡ። ከተማዋን ጠላት ቢከባት በውሃ ጥም እንዳያልቁ ሰጉና አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ የሚባለውን መሐንዲስ አዘዙት። ከ50 ሜትር በላይ ወደ ታች ተቆፈረ። በጉድጓዱ ግድግዳ ዙሪያ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች ተሠሩ፤ እያንዳንዱ 248 እርከን አለው። ውሃ ቀጂ በቅሎ በአንዱ ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል። የሚወርደውና የሚወጣው በቅሎ አይገናኙም።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ባለ ሁለት መስመር!» አሉ። «እኛ ጣርማ በር ላይ ከነተሳቢያችን ስንፋጠጥ፣ እነሱ በቅሏቸውን እንኳ አያጋጯትም ነበር!»

«አሥር ዓመት ፈጀ» አለች የአክስቴ ልጅ። «ሲያልቅ ግን ጳጳሱ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።»

«እሱስ ያው ነው» አሉ ጋሼ፤ «ፕሮጀክት ድሮም እንዲህ ነው።»

ከዚያ ክርክሩ ወደ ከፍታ ዞረ። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ኦርቪየቶን አሳየችን። እውነትም ታምራለች፤ የቤቱ ድንጋይና የገደሉ ድንጋይ አንድ ነው፣ ገደሉ የት አልቆ ቤቱ የት እንደሚጀምር ለዓይን ያስቸግራል። መሐል ላይ እ.ኤ.አ. በ1290 የተጀመረው ካቴድራል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁላችንም አድንቀን ሳንጨርስ ልጄ ከስልኩ ላይ አንድ ቁጥር አነበበ፤ ኦርቪየቶ ከባሕር ወለል በላይ 325 ሜትር። ጉርድ ሾላ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

«እንግዲያማ የእኛ ሰፈር ቦይ ከእነሱ ጉልላት በላይ ነው!» አሉ ጋሼ።

የአክስቴ ልጅ ከፋት። «ኮረብታ እኮ የሚለካው ከባሕር አይደለም፣ ከጎረቤት ነው» አለች። ይህችን አባባል ወደድኳት። እውነቷን ነው፤ ጉርድ ሾላ 2,300 ሜትር ላይ ብትሆንም አንድም ቀን ከፍ ያልን መስሎን አያውቅም፣ ምክንያቱም በስተ ሰሜን ቀና ስንል የየካ ተራራ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እንጦጦ ከላያችን ቆመው ያዩናል። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል እንኳ ያለው ከእኛ በላይ የካ ጋራ ላይ ነው። የእኛ የሆነው ከአስፋልቱ በላይ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ከጎረቤት የሚበልጠውን ኮረብታ እናሳይሽ» አልኳት። እሑድ እንጦጦ ልንወጣ ተቀጣጠርን። ጋሼ ማንም ሳይጠራቸው ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ጠበቁን።

ከጉርድ ሾላ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ። ይህን መንገድ ለአዲስ አበባ ሰው መተረክ የራሱን ኪስ መልሶ መሸጥ ነው፤ አልፈዋለሁ። ስድስት ኪሎ ስንደርስ ግን ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። የየካቲት 12 ሐውልት ጋ ነበርን። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ይህች ከተማ ምን እንዳየች ለማንም አይነገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

«ያ የሠሩለት መቃብር» አሉ ጋሼ ኮፍያቸውን ሳይመልሱ፤ «ያ ከተማ ደግሞ የት ነው?»

«አፊሌ» አለች የአክስቴ ልጅ። «ከሮም ወደ ምሥራቅ ነው። እሱም ተራራ ላይ ነው፣ እሱም የጥንት ነው።»

አፊሌ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ አቁማ ያስመረቀች ትንሽ የኮረብታ ከተማ ናት። ከንቲባውና ሁለት የምክር ቤት አባላት ፋሺዝምን በማወደስ ተከሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈርዶባቸው ነበር፤ ክርክሩ ከዚያም በኋላ በይግባኝ ዓመታት ፈጅቷል። አዲስ አበባ ላይም ሰው ለተቃውሞ ወጥቷል።

«አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«የምጦራት ሲኞራ ይዛኝ ልትሄድ ነበር፤ እዚያ አካባቢ ዘመድ አላት። አልሄድም አልኳት። ምክንያቱን ስነግራት እሷም ቀረች።»

ጋሼ ኮፍያቸውን መለሱ። ሲኞራዋን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደዷት፤ «ጤናዋ እንዴት ነው? ሞተሯ ደህና ነው?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ያለው ሚኒባስ ሰው የሚጭነው በመቀመጫ ቁጥር ሳይሆን በረዳቱ ጥበብ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ትንሽ ነው» እያለ ከሐበሻ ቀሚስ ሱቆቹ መጨረሻ ላይ ሦስት ሰው ጨመረ። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ በመስኮት በኩል ደግሞ ከላይ እየሮጡ የሚወርዱ አትሌቶች ያልፋሉ። ከነዚህ መሐል የእኛ ሰፈር ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤቱ ጉርድ ሾላ ስለሆነ ሯጭ ማየት ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ሌላው ሰው ታክሲ ለመያዝ የሚሮጠውን ያህል እነሱ ታክሲ ትተው ይሮጣሉ።

ከሯጮቹ ኋላ ግን በዝግታ የሚወርዱ ሌሎች ነበሩ። ጎንበስ ያሉ ሴቶች፣ ጀርባቸው ላይ በአግድም የተጋደመ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል። ሸክሙ መንገዱን ግማሽ ስለሚይዝ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ጥግ ያስይዛቸዋል። የአክስቴ ልጅ መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አውጥታ ቀረች።

ላይ ወጣን። እንጦጦ ማርያም ተሳልመን፣ ከግቢው አጠገብ ያለውን የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት አየን። ጭቃ ግድግዳ፣ ነጭ ቀለም፣ የሣር ክዳን፣ የእንጨት ምሰሶ። የአክስቴ ልጅ ዞር ዞር አለችና፣

«ይኸው ነው?» አለች።

«ሰውዬው ሊኖርበት እንጂ ሊጎበኝለት አልሠራውም» አሉ ጋሼ ቱግ ብለው።

እኔም ነገር ለማብረድ የማውቀውን አወራሁ። ምኒልክ ወደዚህ ጋራ የወጡት ጠላትን አሻግሮ ለማየት ስለሚመች ነው፤ የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍራሽ እዚሁ መገኘቱም ልባቸውን ስቦታል። ሸዋ ያኔ እንደ ተከራይ ነበረች፤ ውሃው ሲርቅ ወይ እንጨቱ ሲያልቅ ዕቃዋን ጭና ሌላ ቤት ትፈልጋለች። አንኮበር፣ ልቼ፣ እንጦጦ። አዲስ አበባም ብትሆን ማገዶዋ አልቆ ልትለቀቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ነበር፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባን ያተረፋት በ1880ዎቹ ዓ.ም. የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያመጣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። የጽዱ ጋራ የባሕር ዛፍ ጋራ ሆነ፣ ተከራይዋም ባለቤት ሆና ተቀመጠች።

«በዚያ ዘመን የእናንተም ሰፈር ሰው እኛ ኮረብታ ላይ ይኖር ነበር» አልኳት። የኦርቪየቶ ጎረቤት የሆነችው ፔሩጂያም የኮረብታ ከተማ ናት፤ የዚያች ከተማ ተወላጅ ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበርን ልዑክ እየመራ ሸዋ ገባ። ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጡት፤ ወፍ ሲሰበስብና ሲመዘግብ ኖሮ በ1882 እዚያው ሞተ። አገሩ ሁለት ኮረብታ ነበር ማለት ይቻላል። ከሱ በኋላ የመጡት ያገሩ ልጆች ውል ይዘው፣ ከዚያም መድፍ ይዘው ባይመጡ ኖሮ ወፍ መቁጠሩ ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ይህን ስናወራ ስልኳ ጮኸ፤ ሲኞራዋ በቪዲዮ መጣች። ሽበቷን ወደ ኋላ ያበጠረች፣ ዓይኗ ንቁ የሆነ ሴት። የአክስቴ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የሣር ክዳኑን፣ ዛፉን እያዞረች አሳየቻት። ሲኞራዋ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?»

«ከተማው የታለ ነው የምትለው።»

የአክስቴ ልጅ ስልኩን ወደ ደቡብ አዞረችው። ታች አዲስ አበባ በጭስና በአቧራ ተሸፍና ተዘርግታለች። «ወርዷል» አለቻት። ሲኞራዋ ማን እንዳወረደው ጠየቀች፤ ተረኩ በሦስት አፍ ተጀመረ። ጋሼ ይናገራሉ፣ እኔ አርማለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ትተረጉማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ ወጥተው ሳለ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወረዱ። ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩ፣ አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡለት። ባል ዘምቶ ሲመለስ ዋና ከተማው ተቀይሯል! እኛ ዘንድ ሚስት ባሏ ሥራ ውሎ እስኪመለስ የሶፋ ቦታ ብትቀይር ስንት ቀን እንደሚያኮራርፍ አውቃለሁ። ምኒልክ ግን ብርዱም፣ እንጨት ማጣቱም ሳይመርራቸው አልቀረም መሰለኝ፣ ነገሩን ተቀበሉት። መኳንንቱ ተከትሎ ወረደ። የሚያስቀው ደግሞ፣ ከተማው መውረድ ከጀመረ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ ዘውድ የጫኑት እዚሁ ላይ ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም፣ በአቡነ ማቴዎስ እጅ። ሥራው ታች፣ ድግሱ ላይ።

ሲኞራዋ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጠየቀች፤ ያ ፍል ውሃ ለጉልበት ይረዳል ወይ? ዛሬም ሰው ይታጠብበታል ወይ? እንዴታ፣ አልናት። ለጉልበት መርዳቱ ላይ ግን ጋሼ ራሳቸው ሳይሞክሩ መልስ መስጠት አልፈለጉም። «ኩሽኔታ በውሃ አይድንም፣ ግሪስ ነው የሚፈልገው» አሉ፤ ይህንኛውን የአክስቴ ልጅ አልተረጎመችውም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ፓርኩ ሄድን። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጋራው ሌላ ሰው አፍርቷል፤ ብስክሌት፣ በገመድ ላይ መንሸራተቻ፣ ማኪያቶ። አያቶቻችን ብርዱን ሸሽተው ወረዱ፣ የልጅ ልጆቻቸው ብርዱ እንዲሰማቸው ከፍለው ይወጣሉ። የአክስቴ ልጅ ይህ አላስደነቃትም። ከኦርቪየቶ ብዙም ሳይርቅ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባል ከተማ አለች አለች። የተቀመጠችበት አፈር እየተናደ፣ ሰዉ እየለቀቀ፣ የቀረው ነዋሪ በጣት የሚቆጠር ነው። መኪና አይገባትም፣ በእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው የሚወጣው። ድልድዩ አፍ ላይ ትኬት ይቆረጣል።

«ሰው የሌለበትን ከተማ ለማየት?» አሉ ጋሼ።

«በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ሊሞት ነው ስለተባለ።»

«እንግዲያስ እኛም እያንዳንዱ ሰፈራችን አፍ ላይ ትኬት ብንቆርጥ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና የፓርኩን የማኪያቶ ዋጋ ሲያዩ ዝም አሉ። እኛም አልጠጣንም።

ወደ ታክሲው ስንመለስ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ሸክሟን አስደግፋ ያረፈች ሴት አገኘን። ሸክሙን አላወረደችውም፤ ብታወርደው መልሶ የሚያነሣላት የለም። የጠፍር ገመዱ በደረቷ ላይ ተጠላልፏል፣ ገመዱ ከሚያርፍበት ላይ የተጣጠፈ ጨርቅ አድርጋለች። የፕላስቲክ ጫማዋ ተረከዙ በላስቲክ ተጠግኗል። ከጭራሮው ጫፍ የተንጠለጠለው እርጥብ ቅጠል ይሸታል፤ ያ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ሽታ።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ» አለቻት የአክስቴ ልጅ። «የት ታደርሽዋለሽ?»

«ሽሮ ሜዳ። ለእንጀራ ጋጋሪዎች።»

የአክስቴ ልጅ ቦርሳዋን ሰጥታኝ ከኋላ ዞረች፤ ሸክሙን በሁለት እጇ ልታነሣው ሞከረች። ንቅንቅ አላለም። ሴትዮዋ ሳቀች። «ወገብሽን እንዳይቀጭሽ! በእጅ አይነሣም፣ በጀርባ ነው።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«ማን መዝኖት። ከኔ ይበልጣል ይላሉ።» ከዚያ የአክስቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንቺስ ከየት ነሽ? ምንድን ነው ሥራሽ?»

«ውጭ አገር አሮጊት ነው የምጦረው። ራሷን ችላ አትነሣም። ከአልጋ አነሣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ መልሼ አስተኛታለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ስንት ኪሎ ናት?»

«ሃምሳ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰላች። «ቀላል ናት» አለች። «በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

ይህን ጊዜ ሁለቱ እኛን ረሱን። ወገብ እንዴት እንደሚታሰር፣ እስትንፋስ መቼ እንደሚያዝ፣ የትኛው እግር እንደሚቀድም ተማከሩ። የአክስቴ ልጅ ኦርቪየቶ ላይ ኮርስ ወስዳ የተማረችውን ነገረቻት፤ ጉልበትን ማጠፍ፣ ወገብን ማቅናት። ሴትዮዋ ያለ ኮርስ የምታውቀው ነገር ነበር፤ አንገቷን እየነቀነቀች አዳመጠቻት፣ ከዚያ «እሱስ ልክ ነው፣ ግን ቁልቁለት ላይ አይሆንም» አለች። ቁልቁለት ላይ ጣትን ከፍቶ መርገጥ፣ ተረከዝን ማስቀደም፣ ወደ ኋላ ማለት። አቆመቻትና አሳየቻት። የአክስቴ ልጅ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ጠጠሩ ላይ ወደ ታች ተለማመደች፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ። «ይኸው እኮ ነው የሾፌርነት ሕጉ! ሸክም ይዘሽ ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም።»

ሴትዮዋ ተደግፋ ተነሣች። የአክስቴ ልጅ ገንዘብ ልትሰጣት እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሴትዮዋ «ቅጠሉን ግዢኝ እንጂ» አለቻት፤ አንድ እስር ቅጠል መዝዘን ገዛናት፣ ዋጋውን ጋሼ ሲከራከሩ ተሳቀቅን፣ የአክስቴ ልጅ ከተባለው በላይ ሰጠች። ቅጠሉን ለምን እንደምንፈልገው ማናችንም አናውቅም፤ ጉርድ ሾላ ያለው ምጣዳችን በኤሌክትሪክ ነው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ረዳቱ ቅጠሉን አይቶ «ይህ የአንድ ሰው ሒሳብ ይከፍላል» አለ። ጋሼ አልከፍልም አሉ፣ ቅጠሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ከኋላ የተቀመጡት አስነጠሱ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጋሼ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብለው፣

«ልጄ፣ ፍሬን አትያዝ። ሁለተኛ አስገባና በማርሽ አውርዳት» አሉት።

ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። «አባባ፣ ፍሬኑን ታዲያ ለምን ሠሩት?»

«ለሽሮ ሜዳ» አሉ ጋሼ። «እዚያ ሰው አለ።»